ወደ ግራ የምትስበው ፒክአፕ

ልጄ አንዱአምላክ፣ የሰው አገር ይመችህ፤ መንገድህ ቀጥ ይበልልህ።

የፒክአፓችን የፊት ግራ ጎማ ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ከተማ ሳይደርስ ማረፉን በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ። እኛ ደህና ነን። ሰሊጡ ታጭዷል፣ ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው። የክርስትና አባትህ አለምሰገድም ሰላም ይልሃል።

መኪናዋን የሸጠልን እሱ አይደል? «አንዱአምላክ ይሙት፣ እንደ ክር ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ» ብሎ በአንተ ማለልኝ። እሷ ግን ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሰሜን ወደ እርሻው ስንወጣ ወደ ግራ ትስባለች፤ ግራችን ደግሞ ሱዳን ነው። መሪውን ለቀቅ ቢያደርጉላት ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር ማዶ ገላባት ገብታ ታድራለች። እኔም ጎማው እስኪፈነዳ ድረስ ሾፌሩን ደሞዝን «ጠጥተሃል» እያልሁ ስጨቀጭቀው ከረምሁ።

ጎሚስታው ኸሊፋ ጎማውን ፈታና አንገቱን ነቀነቀ።

«እትየ፣ አላይመንቱ፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ ማለቴ ነው፣ ከድሮም የተዛባ ነው። የተበላው ጎን እንዳይታይዎ ጎማውን ቸርኬው ላይ ገልብጠው ወደ ውስጥ አዙረውታል።»

«ማን ነው ያዞረው?»

«የሸጠልዎ ወዳጅዎ ነዋ!»

አላይመንቱን ኸሊፋ አስተካክሎታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ በአንተ በሐሰት መማሉ ነው። እባክህ ልጄ፣ ደውልና ድምፅህን ብቻ አሰማኝ። አምላክ ከዚያ ሰው መሐላ ይሰውርህ።

እናትህ የዓለምወርቅ

ማረሚያ፦ ከላይ «አለምሰገድ ሰላም ይልሃል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት በመሆኑ ተሰርዟል። «አለምሰገድ መንገድ ላይ ሲያየኝ እንደ መኪናዋ ወደ ግራ ይታጠፋል» ተብሎ ይነበብ።