ለእኔ የሚቀመጥ ሽማግሌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ጠዋት

ዛሬም ሻይ ለሁለት ሰው አፍልቼ ግማሹን ደፋሁት። እጄ አልለመደም። ባሌ ጌታሁን ከቤት ከወጣ ወር ሊሞላው ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ወንድሙ ዘንድ። ሳያማክረኝ ወደ አዲስ አበባ የሥራ ዝውውር ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። እኔ ደግሞ ማስተማሬን ትቼ አልከተልህም አልኩ። ጠባችን ይኸው ነው።

አጎቱ ደወሉ። እሑድ ሽምግልና አለ፤ ወይ እንታረቃለን ወይ እንለያያለን። ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእኔ ወገን አንድ፣ መሐል ላይ ቄስ። እሺ አልኩ። ሰው ከየት ላምጣ፣ ማስታወሻዬ? እናት አባቴ የሉም። ወንድሜ ድሬዳዋ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ክፍል። ርዕሱ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት። ሁለት አገሮች በድንበር ተጣሉ እንበል። ፍርድ ቤቱ በግድ አይጠራቸውም፤ ለመዳኘት ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ከተስማሙ ግን ፍርዱ ያስራቸዋል፣ ይግባኝ የለም። ከዳኞቹ መሐል የራሷ ሰው የሌላት አገር ለዚያ ጉዳይ አንድ ዳኛ መሰየም ትችላለች። ይህን ስል ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። አገር እንኳ ሰው ይፈለግላታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፤ ማታ

ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከለከለው። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ለመንኩ፤ በባልና ሚስት መሐል አልገባም ብሎ ሳቀ። በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ሁሉም ከሰው ጋር ነው። ከፋኝ። ስምንት ዓመት ኖሬበት፣ በዚህ ከተማ የኔ የምለው አንድ ሰው የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከይፋግ የመጣችው ተማሪዬ ጠየቀችኝ፤ የሚሰየመው ዳኛ የግድ የአገሪቱ ዜጋ ነው ወይ? አይደለም፣ ከሌላም አገር ይሆናል አልኩ። ደግሞ ጠበቃ አይደለም። ለሰየመው ሳያደላ ሊፈርድ ይምላል።

ቢሮ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ጌታሁን ከወጣ ወዲህ እንደምን አደርሽ ብለው የሚደውሉልኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የዘጌው መሪጌታ። የጌታሁን የገዛ አባት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

በጠዋቱ ጀልባ ዘጌ ሄድኩ። ነገ በእኔ ወገን ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡልኝ አልኳቸው። ልጄን ትቼ ላንቺ ልቀመጥ ነው? አሉ። እንዲያደሉልኝ አይደለም አልኳቸው።

«ብፈርድብሽስ?» አሉኝ።

ሥራሽን ትተሽ ተከተይው ቢሉኝ ማለታቸው ነው። ይፍረዱብኝ አልኩ፤ ብቻ ይቀመጡልኝ። «በይ፣ ነገ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ» አሉኝ።