በቀን የሚበራው አምፖል

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለባልቻ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ካለህበት ይድረስህ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም የሱቁን መዝጊያ ስታነሳ «እናቴ ድረሽ» ትላለህ? ባለቤትህ ሩትስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችን ጥርስ አወጣች ብለህ ነበር፤ ያንን ጥርስ በስልክ ከማየው ጣቴን ነክሳኝ ባውቀው በወደድኩ። እኛ በጌታ ቸርነት አለን። እናታችን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ገበያ ወጥታ፣ ጸሎት ቤት ደርሳ ትገባለች። የሚጎድለን አንተ ነህ፤ እሱንም ለምደነዋል ብዬ አልዋሽህም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። አንተ ስትደውል እናታችን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤት ሳይቀር «ባልቻ፣ ወፍረሃል አሉ» እያለ ይሻማል። አሁን የምነግርህን እዚያ መሀል ማንሳት አልችልም። የጎረቤታችን የሰልሚያ ወንድም ዑመይር ለእህቱ ሰርግ መጥቶ ሰንብቶ አንተ ወዳለህበት ከተማ ሊመለስ ነው። ማታ መጥቶ ይወስድልኛል። ስታነበው ብቻህን ሁን፤ ለእናታችንም እንዳትነግራት።

በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ላስቀድም። ዲግሪዬን ይዤ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ያላመለከትኩበት ቦታ የለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር እንደ ዶሮ አንገቴን አስግጌ እቆማለሁ። እና ተሳካልኝ መሰለኝ፤ ወልቂጤ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለሒሳብ ሠራተኛነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። በመጪው ሰኞ ነው። ሸሚዜን ከአሁኑ ተኩሼ ሰቅያለሁ። ሔራን «ሰኞ እስኪደርስ ሸሚዙ አቧራ ይጠግባል» እያለች ታሾፍብኛለች። አንተ ታናሿ እህትህን ታውቃት የለ፣ ምላሷ አላጠረም። እኔ ግን ከወዲሁ ወልቂጤ የምከራየውን ክፍል ሳይቀር በሐሳቤ ጠርጌ ጨርሻለሁ።

ታዲያ ያንን ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር፣ እኔ ከሄድኩ ማብሪያውን ማን ያወርደዋል እላለሁ። የምን ማብሪያ እንደምትል አውቃለሁ፤ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ጋሽ ሽፈራው ያደረገልንን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። አባታችን ሲቀበር ከመቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ «የአጎቴ ልጅ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጆች ናቸው» ያለ ሰው ነው፤ ቃሉንም አላጠፈም። እኔ ኮሌጅ ስገባም በበርበሬ ወፍጮ ቤቱ በትርፍ ሰዓቴ እንድሠራ ወሰደኝ። ግን የትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር ዘመድ ዘንድ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ብዬ ለመጠየቅ አፌን ብከፍት አጎት አይደለህም ማለት ነው። አንድ ቀን እንደ ቀልድ ባነሳበት፣ እንደ ቀልድ «ለልጅ ሰዓት ይቆረጥለታል እንዴ? እኔ ቤትህ ስመጣ ሰዓት ትቆጥርብኛለህ?» አለኝ። እንግዲህ እኔ ክፍል ውስጥ፣ ልቤ ወፍጮ ቤት፤ እኔ ወፍጮ ቤት፣ ልቤ ክፍል ውስጥ ሆኜ ተማርኩ። ያን ጊዜ መብራቱ ደህና ነበር፤ የእኔም ትምህርት ግማሽ ቀን ስለነበር እንደምንም ገፋሁት።

የተመረቅኩ ሰሞን ጸሎት ቤት ምስጋና ስናቀርብ ጋሽ ሽፈራው ትከሻዬን ይዞ «ሥራና ትምህርት ይጣላሉ የሚል ሰው ካለ ይድነቃቸውን ይመልከት» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። እናታችን አለቀሰች። በሳምንቱ ጋሽ ሽፈራው ቤታችን መጥቶ ምሳ ከበላ በኋላ ታናሻችንን አቤኔዘርን እያየ ፈገግ አለ። ወጉን አንተም ታውቀዋለህ፤ ከዘመድ ሥራ የሚወጣ ሰው ከቤቱ ሌላ ተክቶ ነው የሚወጣ፤ ባዶ ቦታ ትቶ መሄድ ጀርባ መስጠት ነው። አንተስ ከጋሽ ሽፈራው ሱቅ ስትወጣ እኔን ተክተህ አልነበር? አቤኔዘር ተነስቶ በርበሬ ያቀላውን ጋዎኔን ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰ። እጅጌው ረዘመበት፣ ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ማናችንም አንስቅም። የአቤኔዘር ትምህርት ፋርማሲ ነው፤ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ቤተ ሙከራ ነው፤ ትርፍ የሚባል ሰዓት የለውም። መብራቱ ደግሞ ዘንድሮ እንደ እንግዳ ሆኗል፤ መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። ጊዜው የሰርግ ወር ነው፣ ከቆሼ ከተማ የሚመጣው የማረቆ በርበሬ በኩንታል ተደርድሮ የወፍጮ ቤቱን ደጅ ዘግቶታል። መብራት መጣ ማለት አቤኔዘር ከያለበት ይሄዳል ማለት ነው። ከክፍል ይሄዳል፣ ከምሳ ይሄዳል፤ ባለፈው እሁድ ከመዝሙር መሀል ወጣ። መዘምራኑ ውስጥ የእሱ ቦታ ክፍት ሆኖ ሲቀር እናታችን ዝማሬው እስኪያልቅ እዚያችው ባዶ ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች።

ከኮሌጁ ስልክ ተደውሎልኝ ሄድኩ። መምህርት ዘነበች የሚሏቸው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቁጡ ናቸው ይባላል፣ እኔን ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ልጁ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል። ቆሞ ይተኛል። ሱስ ካለበት ሳይረፍድ ንገሩኝ» አሉኝ። ጫት እንደማይቅም፣ ዓይኑን ያቀላው በርበሬ እንደሆነ ስነግራቸው «ከሱሱ ይሄ ባሰ። ከሱስ የሚወጣበት ቦታ ይፈለግለት ነበር፤ ከአጎት ቤት ወዴት ይወጣል?» አሉ። ነገ ጠዋት የሴሚስተሩ ዋና ፈተና አለው። ከዚህ በፊት ሁለት ፈተና አበላሽቷል፤ ይሄ ከወደቀ ከኮሌጁ እንደሚሰናበትም ነገሩኝ።

ግን ወንድም ጋሼ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ፈተናው አይደለም። ቺንጋው ነው። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረውን ያንን ሰፊ የጎማ ቀበቶ ታስታውሰዋለህ፤ መከለያ ቆርቆሮው ለጥገና ተነስቶ ግድግዳ እንደተደገፈ ቀርቷል። በገና ሰሞን ከቆሼ የመጣች አንዲት ደንበኛ ጠጋ ብላ በርበሬዋን ስታይ ሻሿን ከራሷ ላይ ነጠቃት። ጌታ ይመስገን፣ ቋጠሮው ላላ ያለ ነበር። ሻሹ በሌላ በኩል ክር ሆኖ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ሽፈራው የተሻለ ሻሽ ገዝቶ ሰጣት፣ መርቃው ሄደች። እናታችን እዚያ ነበረች። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን አንድ ነገር ተለወጠ። የሳሎኑ አምፖል ቀን በቀን ይበራል። ሔራን አንዴ ረስታ ብታጠፋው እናታችን እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ ሁለት አጥር ማዶ ስለሆነ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል። ወፍጮው ድንገት ጸጥ ሲል እናታችን የያዘችውን ታስቀምጥና ቀና ብላ አምፖሉን ታያለች። አምፖሉ ከጠፋ መብራት ነው የሄደው፤ «ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አምፖሉ እየበራ ወፍጮው ብቻ የቆመ ጊዜ ግን፣ ጋሽ ሽፈራው ስልክ ለማንሳት አቁሞት እንኳን ቢሆን፣ ነጠላዋን ሳትይዝ ደጅ ላይ ናት። መብራት ሲጠፋ ተመስገን የሚል ቤት በቡታጅራ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እሷ የማታውቀውን ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ ይሄ ነው። ጋሽ ሽፈራው መብራት ሲሄድ የሞተሩን ማብሪያ አያወርደውም። ወደ ላይ እንደሆነ ይተወዋል፤ መብራቱ ሲመለስ ወፍጮው ራሱ ተነስቶ ይጮሃል፣ ሰፈሩም ሰምቶ በርበሬውን ተሸክሞ ይመጣል። «ደወል ምን ያደርግልኛል፣ ማሽኑ ራሱ ይጣራል» ይላል። እኔም እዚያ ስሠራ በዚያ ድምፅ ነበር የምጠራው፤ ያን ጊዜ ግን መከለያው በቦታው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት መብራት በሄደበት አቤኔዘርን ፍለጋ ገባሁ። ደንበኛ የለም፣ ጋሽ ሽፈራው ለምሳ ወጥቷል። ወንድማችን በቺንጋውና በግድግዳው መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ ባዶ ጆንያ አንጥፎ፣ ደብተሩን ፊቱ ላይ ከድኖ ተኝቷል። ጥላ ያለው እዚያ ነው፤ ብናኙም አይደርስበትም። አንድ ክንዱን ወደ ጎማው ዘርግቶታል። ማብሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ወደ ላይ ነው።

አልጮህኩም። ቢደነግጥና ቢፈራገጥስ ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብዬ ሄጄ ማብሪያውን አወረድኩት፣ ከዚያ ቀሰቀስኩት። «ምነው ይድኔ፣ መብራት እስኪመጣ ጥቂት ላጥና ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ሌላ የሚያጠናበት ሰዓት የለውም፣ ወንድም ጋሼ፤ የሚያርፈውም የሚያነበውም መብራት በሌለበት በዚያች ሰዓት ነው። እቤት መጥተህ ተኛ ስለው፣ እቤት ተኝቶ መብራት ቢመጣ ጋሽ ሽፈራው ብቻውን ሲንከራተት ያሳፍረኛል አለኝ። በማግስቱ ስሄድ ማብሪያው ተመልሶ ወደ ላይ ነው።

ለጋሽ ሽፈራው ነገርኩት። ሳቀና «ከተማርክ ወዲህ ፈሪ ሆንክ» አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረገኝ። ስለ ቆርቆሮው «የሰርጉ ወር ይለፍ» አለ። እንግዲያው አቤኔዘር ይማር፣ እኔ ልግባ ስለው ግን ሳቁን አቆመ። «ዲግሪ የያዘ ልጅ መልሼ በርበሬ ውስጥ ብከት ሰው ምን ይለኛል? አሳድጎ ጣላቸው አይለኝም? እናትህስ አንገቷን አትደፋም?» አለ። እናታችንንም ጠየቅኳት፤ እውነቱን ነው አለች። ጎረቤቱም እንደዚያው ነው። እንግዲህ አየኸው፣ የእኔ መመረቅ ነው በሩን የዘጋብን።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ በእሱ ቦታ ያለኸው አንተ ነህ። የእኔ ቃል የታናሽ ቃል ነው፤ ጋሽ ሽፈራው ይሰማውና ጉንጬን ቆንጥጦ ይተወዋል። አንተ ደውለህ «አቤኔዘርን ትምህርቱን እስኪጨርስ መርቀህ ልቀቅልኝ» ካልከው ግን እምቢ አይልም፤ ክብሩም አይነካም፣ ሲሰጥ እንጂ ሲነጠቅ አይሆንምና። ደብዳቤው እጅህ በገባ ዕለት ደውል። ለነገ አትበል።

በል እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። ሔራን እጅህን ትስማለች፤ የላክህላት ጫማ ልክ እንደሆነ ንገርልኝ ብላለች። ሰልሚያ «ሰርጌን ያልበላ ወንድም ዕዳ አለበት» ብላሃለች። ጋሽ ሽፈራውም ዘወትር ስምህን በጸሎት ያነሳል፤ ይህን ስጽፍም አልረሳሁለትም። ሩትን ሰላም በልልኝ፣ የትንሿንም ጉንጭ ሳምልኝ። አቤኔዘር ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ከሰዓቱን እዚህ አጠገቤ ሲያጠና ቆይቶ መብራት መጣና ገና ገጹን ሳይገልጥ ተነስቶ ሄደ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ነው የሄደው። ወፍጮው እየጮኸ ነው፣ ይሰማኛል።

እናታችን ደግሞ ይህን አድርስልኝ ትላለች፦ በየሌሊቱ ስምህን

ወንድም ጋሼ፣ ወፍጮው አሁን ጸጥ አለ። ሁለታችንም ቀና ብለን አየን። አምፖሉ ጠፍቷል። እናታችን «ተመስገን» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ደብተሩን ይዞ እንደሄደ ነግሬሃለሁ። ማብሪያውን ላወርድ ሄድኩ፤ የቀረውን ሰላምታ ዑመይር በአፉ ያደርስልሃል። ሥራው ከቀናኝ ግን ከሰኞ ወዲያ እዚህ አይደለሁም።

ታናሽ ወንድምህ ይድነቃቸው
ቡታጅራ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.