ስብሰባ ናችሁ ተብለው ስለተደበደቡት ሁለት ስፒከሮቼ

ለክቡር አቶ አባይነህ፣
የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ፣
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የቀኝ መዳፍዎን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔ ጭንቅላት አጥንት መሆኑን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ ሁሉ ስለዚያ መዳፍ ሲሳቀቁ ሰንብተዋል። አላህ ይጠብቅልዎ።

እኔ ፈላና በር አጠገብ የምኖር ናፊያ ሙሐዲን ነኝ። በ2009 መጋቢት ወር፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በሯን በእርግጫ ገንጥለው የገቡባት ሴት ነኝ ብልዎ በሯ የተገነጠለ ሴት ብዙ ናትና ላይለዩኝ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራዬን ልጥቀስ፦ በመኖሪያ ክፍሌ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ የሴቶችን የሰርግ ዘፈን እቀዳለሁ፣ አስተካክላለሁ። ሙያውን የተማርኩት ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከተጣለ የሬዲዮ ካርቶን ውስጥ ከማገኘው ብጣሽ ወረቀት ነው። ለማመስገንም ለማማረርም ያለኝ ቋንቋ ከዚያው የተቃረመ ስለሆነ ጉድለቱን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ ስለ ስፒከሮቹ አመራረጥ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ ማጉያቸው በሆዳቸው ውስጥ ያለ ትናንሽ ስፒከሮች ፈልጌ ሸዋ በር ወደሚገኘው የዑመር ሱቅ ስመላለስ፣ ዑመር ቁም ሣጥን የሚያክለውን እየደባበሰ፣ «እህቴ፣ ይሄን ውሰጂና ጀጎል ይንቀጥቀጥ እንጂ! እነዚያ እኮ ለጫት በርጫ እንኳ አይበቁም» ይለኝ ነበር። ትልቁ ግን የዘፋኟን ስህተት በጉልበት ይሸፍናል፤ እኔ የምፈልገው ስህተቷን የሚነግረኝን ነው። ጠረጴዛዬ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር የተጣበቀች በመሆኗም የአየር ቀዳዳቸው ከፊት የሆነውን መረጥኩ፤ ከኋላ የሆነው ከበሮውን ከግድግዳው እያላተመ ያስጮኸዋል። አንዱን በግራዬ፣ አንዱን በቀኜ፣ ለሁለቱም ጆሮዎቼ እኩል አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ዑመር ሲሸኘኝ፣ «ወላሂ፣ በነዚህ ሰርግ አለ ብትይ ማንም አያምንሽም» አለኝ።

እርስዎ ግን አመኑ። ከሶፊ የመጡ ሴቶች የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ሳይወጣ በፊት ቤቴ የዘፈኑትን የሙሽራ ዘፈን ሳስተካክል፣ እልልታውንና ጭብጨባውን ከመንገድ ሰምተው፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው ብለው ሚሊሻ አስከትለው ዘመቱብኝ። ስለ ዕቃው ጥራት ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ከየትም አይገኝም። ዑመር ፎቶግራፍዎን ሱቁ ላይ እንዲሰቅል መክሬዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ስብሰባው አበታተን። «በትን! አንዷም እንዳታመልጥ!» እያሉ ሲገቡ አልጋዬ ተገለበጠ፣ ሴት ተደብቃበት እንደሆነ የማሽላ ጆንያዬ በሳንጃ ተቀደደ። «የት አስገባሻቸው?» ብለው በሻሼ አንቀው ሲይዙኝ ትንፋሽ ስላልተረፈኝ እጄን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋሁ፤ ሴቶቹ ገና እየዘፈኑ ነበር። ያን ጊዜ ወንድወሰን የተባለው ሚሊሻዎ፣ «አለቃ፣ ተሰብሳቢዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ እጅ ወደ ላይ ልበላቸው?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን እሱ ሳቀ፤ ጥፊውን እኔ ተቀበልኩ። ፍትሕን እንዲህ ቶሎ ሲያከፋፍሉ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ ደሜ በአንገቴ ሲወርድ ጠመንጃውን ከወንድወሰን ነጥቀው የግራውን ስፒከር በሰደፍ መቱት፤ ሆዱ ተቀዶ እንኳ እየተንጠራራ ይዘፍን ስለነበር ሙሽራዋ ጭጭ እስክትል ደጋገሙት። የቀኙን አንስተው ከግድግዳው አላተሙት። ልከለክልዎ ብድግ ስል ጎድኔን በጫማዎ ረገጡኝ። የቀኙ ሲንኮታኮት የሰማሁት በአንድ ጆሮ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ግራ ጆሮዬ። ሐኪሙ ታምቡሩ መቀደዱንና ከውስጥ የተጎዳው እንደማይመለስ ነገረኝ። እኔ ግትር ስለሆንኩ አላመንኩትም፤ ዑመር ያንኑ ዓይነት ጥንድ አውሶኝ፣ ከተረፈው ዘፈን ጋር ቁጭ አልኩ። ጭብጨባው በግራ፣ ከበሮው በቀኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ጭብጨባው ጠፋብኝ። ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። በመጨረሻ ጎረቤቴ እማማ መርየም ጆሯቸውን ይዘው እየሮጡ ገቡና፣ «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ጭብጨባው ከበሮውን ዋጠው እኮ! ሙሽሪትን ልትቀብሪያት ነው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ገና ምንም አልሰማሁም ነበር።

በማግሥቱ የሶፊ ሴቶችን ጠርቼ ዘፈናቸውን ሳይጠናቀቅ መለስኩላቸው። ስለሆነም ምርጫዬን እጅግ ስላቀለሉልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ከእንግዲህ ጥንድ አልመርጥም፣ አንድ ይበቃኛል።

አራተኛና የመጨረሻው፤ አቤት ባልኩ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ፣ «ግለሰቧ ከቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ተጎድታለች» ሲል በጽሑፍ መልሶልኛል። ክቡር ሆይ፣ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ከመንገዱ እኩል ነው፤ ደረጃ የለውም። የወደቅሁበትን ደረጃ መንግሥት ካሠራልኝ በደስታ እረከባለሁ፤ ጣራዬ ላይ ማሽላ ለማስጣት ይረዳኛል።

የምለምነው ከሹመትዎ እንዲወርዱ አይደለም፣ ስፒከሮቹን እንዲተኩልኝም አይደለም። በሬን በገነጠሉበት መንገድ ላይ፣ ያን ቀን በየበራቸው ቆመው ባዩት ጎረቤቶቼ ፊት ቆመው፣ «አልወደቀችም፤ እኔ መትቻት ነው» እንዲሉ ብቻ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ለመዳፍዎ አታደክምም።

አንድ ሙሉ ሰርግ በአንድ ጥፊ ዝም ላሰኘው ክንድዎ ተገቢውን አድናቆት እያቀረብኩ፣ ከጠረጴዛዬ በስተቀኝ በኩል ሆኜ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ናፊያ ሙሐዲን
ፈላና በር

ይድረስ ከተባለው የተረፈ፦ ጥፋትዎን ለማመን ከመጡ እባክዎ በቀኜ በኩል ይቁሙ፤ በግራዬ የሚሉትን አልሰማም። ሊመቱኝ ከመጡ ደግሞ ያንኑ ግራውን ይድገሙት፤ ቀኙን ለሥራ እፈልገዋለሁ።