ከመጋረጃው ጥግ የቀረ ቃል

ብራክንሾ
ረቡዕ፣ ማርች 13 ቀን 1991

ለምወድሽ ልጄ ለሄስተር፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ካላስቀደምኩት እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበቴ ሳወራ ወረቀቱ ያልቅብኛል። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መድረክ ላይ ቃሉ ጠፍቶሽ ወደ እኔ፣ ወደ ቃል አስታዋሹ፣ ስትዞሪ አውቄ ከለከልኩሽ። ጣቴ መስመሩ ላይ ነበር። አየሽኝ፣ አየሁሽ። ከንፈሬን ገጥሜ አንገቴን ወደ ቲያትሩ መጽሐፍ ደፋሁ። በኋላ ለሰው ሁሉ "ሁለት ጊዜ ሰጠኋት" ያልኩት ውሸት ነው።

ይህችን ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ምድጃው ላይ ከሰል ጨመርኩ። ከሰል አልጎደለም ነበር።

አሁን ልቀጥል። ለገና የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ትንሿ ኦሊቭ በትምህርት ቤቷ የዘፈን ቲያትር ልግባ ብላ ስትለምንሽ እንደከለከልሻት ጽፈሻል። "በእኛ ዘር ቃል ሰው ፊት ሲቆሙ ይጠፋል፤ እኔ ያየሁትን እሷ እንድታይ አልፈልግም" ብለሻል። እዚያች ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ልጄ፣ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው እኔ ነኝ።

ይህን በገና ሰሞን ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። የዛሬው ሳይቃጠል የቀረው የዘፈን ቲያትር ማኅበራችን ስላስገደደኝ ነው። "የወፍጮ ቤቷን ሙሽራ" ዘንድሮ እንደገና ልናሳይ ነው፤ ሰኞ ይከፈታል። ከአንቺ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ሽማግሌው የሙዚቃ መሪ አቶ ሰግደን ካረፈ በኋላ ሙዚቃውንም ተዋናዩንም የምትመራው ወይዘሮ ታክሬይ ናት፤ ያቺ ፒያኖ አስተማሪዋ። "ሰው የሚያውቀውን ነው የሚወደው" ብላ እሱን መረጠች። የወፍጮ ቤቷን ልጅ የምትጫወተው ጆሲ ትባላለች፤ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው። ድምፅዋ ያንቺን አያህልም። ይህን የምለው አባትሽ ስለሆንኩ አይደለም ልል ነበር፤ እሱንም ልተወው።

እኔም እንደ ድሮው ቃል አስታዋሽ ሆኜ እዚያው የመጋረጃው ጥግ፣ እዚያችው በርጩማ ላይ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

በጥር ልምምድ ላይ ጆሲ መሃል ላይ ቃል ጠፋትና ግንባሯን መታ አድርጋ "ውይ፣ ሄስተር ያዘችኝ" አለች። ሁሉም ሳቁ። ባሮኑን፣ ያን ባላባት፣ የሚጫወተው ዴዝመንድ ፒካፕ፣ ያ ሥጋ ሻጩ፣ "ሄስተር ለያዛት መድኃኒቱ ሻይ በሁለት ስኳር ነው" አለ። እዚህ ቃል የጠፋው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። አልነገርኩሽም እንጂ ከሄድሽ ጀምሮ ይሉታል። የዛሬዎቹ ልጆች ስሙ የሰው መሆኑንም አያውቁም።

"ግን ሄስተር ማናት?" አለች መንደርተኛ ሆነው ከሚዘፍኑት አንዷ።

"እኔ እንጃ፣ ስመጣም ይሉት ነበር። የሞተች ሴት ትመስለኛለች" አለች ሌላዋ።

"ኧረ መድረኩ ላይ የምትዞር መንፈስ ናት አሉ" አለች ሦስተኛዋ።

ጆሲ ወደ እኔ ዞረች። "አቶ ኦግደን፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት። ሄስተር ማን ነበረች?"

"አንዲት ዘፋኝ ነበረች" አልኳት።

"ጎበዝ ነበረች?"

"ጎበዝ ነበረች።"

ዴዝመንድ አንዴ እኔን አየና ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም ገጽ ገለጥኩ። ልጄ ናት ማለት አቃተኝ። ጴጥሮስ እንኳ ከካደ በኋላ ዶሮው ሲጮህ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ግን ስንት ዓመት ዶሮው ሲጮህ ሰምቼ ተገላብጬ ተኝቻለሁ።

ያንን ቀን እንደ እኔ ያወቀው ስለሌለ እኔው ልንገርሽ። ከለንደን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንቺን ሊሰማ የመጣው ሰውዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አንቺ ለባሮኑ "ጌታዬ፣ ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ ያን ጊዜ አገባዎታለሁ" ማለት አለብሽ፤ ይህ ሳይባል ሙዚቃው አይነሳም፣ ትልቁ ዘፈንሽም አይጀመርም። ሰግደን በትሩን አንስቶ ይጠብቃል። አንቺ "ጌታዬ" ብለሽ ቆምሽ። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ያን መስመር ከአያቱ ጉልበት ላይ ሆኖ የሰማው ነው። በእኛ ከተማ ግን ከቃል አስታዋሹ ቀድሞ ቃል የሚያቀብል የለም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሰግደንም፣ ባለ ቫዮሊኖቹም፣ ያ ሁሉ ሰውም እኔን ጠበቀ።

ድምፅ ማውጣት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። እኔና እናትሽ ሽመና ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽኑ ጆሮ ሲያደነቁር፣ በከንፈር ስንነጋገር የኖርን ሰዎች ነን። አንቺም አፍሽን ሳትፈቺ ከንፈር ማንበብ ያወቅሽ ልጅ ነሽ። ከንፈሬን አንዴ ባንቀሳቅስ ይበቃሽ ነበር። "እስከ ሦስት ልቁጠርና እሰጣታለሁ" አልኩ በልቤ። ሦስት አለፈ። አምስትም አለፈ። ከዚያ ያኔም ባሮኑ የነበረው ዴዝመንድ ያለ ተራው ገብቶ "ልጅቷ ወንዙን አይታ ልትመጣ ነው መሰለኝ" አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አንቺ ፊትሽን ይዘሽ ወጣሽ። ሰግደን ዘፈኑን ዘልሎ አለፈ። ሰውዬው በዕረፍቱ ኮፍያውን አድርጎ ባቡሩን ያዘ።

ቤት ስንመጣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመሽ ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? "አባዬ፣ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቼሃለሁ፤ ማንበብ ነው ያቃተኝ" አልሽኝ። ልጄ፣ አልተንቀሳቀሰም። አንቺ ግን አባትሽ ይዋሻል ብለሽ ከምታስቢ ዓይንሽን መጠርጠር መረጥሽ። እኔም "አይዞሽ" አልኩሽና ሻይ ቀዳሁልሽ።

ለምን ብትይኝ፣ ለብዙ ዓመት ለራሴ የምሰጠው መልስ እናትሽ ናት የሚል ነበር። ደረቷን ታመመች፣ ልጇ አጠገቧ ትሁን አልኩ። በጸሎትም እንዲህ እያልኩ እግዜርን ለማሳመን ሞክሬአለሁ። እውነቱ ግን እናትሽ ያን ሰሞን ለለንደን ብርድ የሚሆን ካፖርት እየሰፋችልሽ ነበር። አረንጓዴ፣ ሰፊ አንገት ያለው። እንድትሄጂላት ፈልጋለች። አንቺ ደረጃውን እያዜምሽ ካልወረድሽ ቤቱ ምን እንደሚሆን አስቤ የፈራሁት እኔ ነኝ። አልቀረሽልኝም ደግሞ፤ በዓመቱ መርከብ ተሳፍረሽ ከለንደን ይልቅ የምድር ጫፍ ሄድሽ።

እናትሽ ኖራ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት፣ እጇን ይዤ ሳለሁ፣ በከንፈሯ ብቻ "ክሌም፣ በእውነት ሰጥተሃት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ትንፋሿ ለድምፅ አይበቃም ነበር። "ሰጥቻት ነበር" አልኳት፣ እኔ ጮክ ብዬ። እሷ ግን የተመለከተችው ከንፈሬን ነው። ከዚያ "እሺ" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። አላመነችኝም። እኔም አለማመኗን አውቄ ዝም አልኩ፤ ይህም ከመጀመሪያው ይከፋ ይሆናል።

ዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። እጄ ደከመ።

እሑድ፣ ማርች 17 ቀን፣ ከጸሎት ቤት መልስ

ሄስተር፣ የቀረውን ሳልነግርሽ ልመርቅሽ፤ ከነገርኩሽ በኋላ የእኔን ምርቃት ላትፈልጊው ትችያለሽ። አምላክ ቤትሽን ከድንገተኛ ነገር ይሰውርልሽ። ባልሽ ግሬም ከበጎቹ ጋር ወጥቶ በሰላም ይግባልሽ። ኦሊቭ በደስታ ትደግ፣ ድምፅዋን ይስጣት። የሰጣትን የሚይዝባት ሰው አጠገቧ አይቁም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በቲያትር ልብስ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ማኅበሩ ከጸሎት ቤታችን የወጣ ስለሆነ፣ መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት ሁላችን መድረኩ ላይ ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ እንያያዛለን፤ ከሁሉ ያረጀው ይጸልያል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ግራ እጄን ጆሲ ይዛዋለች፣ ቀኙን ዴዝመንድ፤ ጺሙ በአንድ በኩል ብቻ ተለጥፏል።

"ጌታ ሆይ" አልኩና ቆምኩ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያን ዝምታ አወቅሁት። ዓይኔን ገለጥኩ።

"ዓይናችሁን ግለጡ፣ ይሄ ጸሎት አይደለም" አልኳቸው። "ቃል በጠፋችሁ ቁጥር የምትጠሯት ሄስተር ልጄ ናት። በሕይወት አለች፤ ሩቅ አገር ናት። ቃል ጠፍቷት ወደ ጥጉ ዞረች፤ እንደ ደንቡ። ጣቴ ቃሉ ላይ ነበር። እንዳትሄድብኝ ብዬ ያዝኩባት፤ ከዚያም ሰጠኋት ብዬ ዋሸሁ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ በስሟ አትሳቁ።"

ጆሲ እጄን ለቀቀችው። ቀስ ብላ ነው የለቀቀችው፤ ግን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ታክሬይ "ክሌመንት፣ ሰኞ እንከፍታለን። ይህን ለማውራት ዛሬን መረጥክ?" አለች።

"ሌላ ቀን ብዬ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው" አልኳት።

ዴዝመንድ ጺሙን ነቅሎ መዳፉ ላይ ያየው ጀመር። "እኔ እኮ" አለ፣ "እኔ እኮ እስከ ዛሬ በዚያ ቀልድ ያዳንኳት ነበር የሚመስለኝ። በየመጠጥ ቤቱ ሳወራው ኖርኩ። ለምን አልነገርከኝም አንተ ሰውዬ?" ሄዶ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠ።

ጆሲ ግን ፊቴ ቆማ ቀረች። "እሷ ይህን ታውቃለች?" አለችኝ።

"አታውቅም።"

"እንግዲያ ለእኛ መንገሩ ለእሷ ምን ይበጃታል?"

"ለእሷም ጽፌላታለሁ። የመጨረሻው ገጽ ነው የቀረኝ። ነገ እጨርሰዋለሁ።"

"እንደ ሌላ ቀኑ እንዳይሆን።"

"አይሆንም። ሰኞ ጧት አንቺው ያለሽበት መስኮት አመጣዋለሁ፤ ማኅተሙን አንቺው ምቺበት።"

ልጅቷ ቀልደኛ ናት፣ ያን ጊዜ ግን አልቀለደችም። "እሺ፣ እቀበልዎታለሁ" አለች። "ግን አቶ ኦግደን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰኞ ማታ እርስዎ ጥጉ ላይ ካሉ እኔ መድረክ ላይ መውጣት አልችልም። ወደዚያ ባየሁ ቁጥር እሷን ነው የማስበው።"

ልክ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ነው፤ ያን ቀን ካደረግሁት በኋላ ግን አንድም ቀን ልቀመጥበት አይገባም ነበር። መጽሐፉን ለወይዘሮ ታክሬይ ሰጠኋት። ከዚያ ከመድረኩ ወርጄ፣ በመሃል መተላለፊያው፣ ሁሉም እያዩኝ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ።

አባትሽ
ክሌመንት ኦግደን