ባርኔጣ የደፋችውን ፊደል ለሚፈራው ፕሮግራም ባለቤት

ለተከበሩ ዶክተር ፋቢያን አልካንታራ
በ«ታማኙ ሣጥን» የሶፍትዌር ኩባንያ የደንበኞች ደስታ መምሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ኮምፒውተርዎም ሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ከሦስታችሁ አንዱ ድንገት ቢያርፍ ግን፣ እባክዎ መጠባበቂያ ቅጂውን ለራስዎ መሥሪያ ቤት አደራ አይስጡ። ይህን የምለው ለእርስዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሣ ብቻ ነው።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ። በድረ ገጻችሁ ያለውን የአቤቱታ ቅጽ ለመሙላት ደጋግሜ ሞክሬአለሁ፤ ነገር ግን የቤተሰቤን ስም ኑኜስ ብዬ በጻፍኩ ቁጥር «እባክዎ ትክክለኛ ስም ያስገቡ» እያለ መለሰኝ። አባቴ ይህን ስም ይዘው ተወልደው፣ አግብተው፣ ተቀብረዋል፤ ትክክለኛ አለመሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ለዚህ ዘግይቶ ለደረሰ መረጃ የመጀመሪያውን ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

እኔ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ በቀን ጫማ እሸጣለሁ፤ ካርኒቫል ሲቃረብ ደግሞ «ሲየን አኞስ»፣ ማለትም «መቶ ዓመት» የተባለውን ሙርጋ እመራለሁ። ሙርጋ ማለት ፊታችንን ቀለም ተቀብተን፣ ከበሮ ይዘን፣ ሹማምንትን በዘፈን የምንነካካ የሰፈር ዘማሪዎች ነን። ባለፈው ክረምት ግጥም ጸሐፊያችንና የልጅነት ጓደኛዬ ዋሺንግተን ባሪዮላ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለዚህ ዓመት የሚሆነውን የስንብት ዘፈን ጽፎ፣ ማእድ ቤቱ ተቀምጦ በራሱ ድምፅ ቀድቶ፣ በቡድናችን ኮምፒውተር ላይ አኑሮልን ነበር። የስንብት ዘፈን የሌለው ሙርጋ ከመድረክ መውረጃ አያገኝም።

በታኅሣሥ ሙቀት የከበሮ መቺያችን ዳርዊን ፔሬይራ ማቴ የተባለውን የአገራችንን የቅጠል ሻይ የሚጠጣበትን ቴርሞሱን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው። ሁላችንም ስንጮህበት «እኔ ምን ላድርግ! ኮምፒውተሩ ነው ቴርሞሴ ሥር የገባው!» አለ። ዲስኩ በዚያው አረፈ። እኛ ግን አልደነገጥንም፤ ዋሺንግተን ጠንቃቃ ሰው ስለነበር በስሙ ፈቃድ ገዝቶ፣ የዲስኩን ክፍል እንዳለ በእናንተ ፕሮግራም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጦት ነበር። ክቡርነትዎ፣ ያን ዕለት «ተመስገን» ብለን ማቴ ተጠጣጥተናል። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አዲስ ዲስክ ገጠምንና ፕሮግራማችሁን «መልስ» አልነው። እየመለሰ መሆኑን በሚያምር አረንጓዴ መስመር አሳየን። መስመሩ ጫፍ ሊደርስ ሲል «ሥራው ሊጠናቀቅ ነው፤ ደስ ይበልዎ!» የሚል ጽሑፍ ወጣና፣ ገና ደስ ከማለታችን ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ዲስኩ ባዶ ነው። ደግመን አስነሣነው፤ ደግሞ ደስ ይበልዎ አለን፤ ደግሞ ጠፋ። ሰው ሲዋሽ እንኳ ፊቱ ይለዋወጣል፤ የእናንተ ፕሮግራም ግን በኩራት ነው የሚዋሸው። ሥልጠናው የሚያስቀና ነው።

ሁለተኛ፦ ወደ እርዳታ መስመራችሁ ደወልኩ። የመጀመሪያው ሠራተኛዎ በሚያስመሰግን ጨዋነት የፈቃዱን ባለቤት እንዳቀርብለት ጠየቀኝ።

«ሞቷል» አልኩት።

«በጣም አዝናለሁ ጌታዬ። መቼ ይመለሳሉ?»

«አይመለስም ወንድሜ፣ ሞቷል እኮ ነው የምልህ።»

«ገብቶኛል። እንግዲያውስ እንደማይመለሱ ራሳቸው ከተመዘገበው ኢሜይላቸው ቢጽፉልን ይበቃል።»

ክቡር ሆይ፣ ምርጫ ስላልነበረን ዳርዊን ድምፁን አጎርንኖ ስልኩን ተቀበለኝና «እኔ ዋሺንግተን ነኝ» አለ። ሠራተኛዎም «እንኳን ደኅና መጡ፤ ጤናዎ ተሻለዎት?» ብሎ ጠየቀው። «ሞቼ ነበር፣ አሁን ደኅና ነኝ» አለ ዳርዊን። ጉዳዩም ወዲያው ተከፈተ። ጓደኛዬን ለአንድ የስልክ ጥሪ ያህል ከሞት ስላስነሣችሁልን እናመሰግናለን፤ ፋይሉን ግን ማስነሣት አልቻላችሁም።

ሦስተኛ፦ ምክሮቻችሁን ሁሉ ፈጽመናል። አጥፍተን አበራን፣ ገመድ ቀየርን፣ ኮምፒውተር ተዋስን፣ ፕሮግራሙን አውጥተን መልሰን ጫንን። «ዲስኩን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያድርጉት» ሲባል ዳርዊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሥጋው አጠገብ አስቀምጦት አገኘሁት። በዚህ መካከል የዋሺንግተን ባለቤት ዶኛ ኤሊዳ ልምምድ ወደምናደርግበት አዳራሽ እየመጡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ወደ እኔ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ኦስማር፣ እሱ በኖረበት ዘመን ሁሉ ዘፈነ፣ እኔ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ዝም በል አልኩት። ይሄንን የመጨረሻውን አልሰማሁትም። አሰማኝ እንጂ።»

«እሺ ዶኛ፣ አሰማዎታለሁ» አልኳቸው። ይህን ቃል የገባሁት እናንተን ተማምኜ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ዘፈኑን በትዝታ ለመሥራትም ሞክረን ነበር። ግጥሙን ከያንዳንዱ ሰው አፍ ለቃቅመን ሰበሰብነው፤ መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ግማሹ ከፍ ብሎ ያልቃል፣ ግማሹ ዝቅ ብሎ ያልቃል እያለ ተጣላ። ሁለት ዘማሪዎች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። አንዱ ወንድሜ ነው።

የወንድሜ ሚስት ኔሊ ኤቼጎዬን የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ጠቡ ሲሰለቻት «እስቲ ዞር በሉ፣ መጮህና መፈተሽ ለየቅል ነው» ብላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። በትርፍ ዲስክ ላይ ትንሽ ክፍል ሠራች፣ አንድ ፎቶ አስገባችበት፣ በፕሮግራማችሁ አስቀመጠችው፣ መለሰችው፤ ሠራ። ከዚያ ሁሉንም ነገር እንዳለ ትታ የዲስኩን ክፍል ስም ብቻ ቀይራ፣ የእኛው ክፍል እንደሚጠራው «ሲየን አኞስ» አለችው። አስቀመጠችው፣ መለሰችው፤ ደስ ይበልዎ ብሎ ጠፋ። ያቺ ባርኔጣ የደፋች ፊደላችን፣ የ«ኞ»ዋ ñ፣ ፕሮግራማችሁን ትገድለዋለች! በስፓኒሽ ለሚናገር ሕዝብ ተሸጦ ስፓኒሽ ሲያይ ራሱን የሚስት ዕቃ ሠርታችኋልና እንኳን ደስ ያላችሁ።

ግኝቱን በደስታ ጻፍንላችሁ። መልሳችሁ በመምሪያዎ ማኅተም መጣ፤ ከነቃሉ እጠቅሰዋለሁ፦ «ፕሮግራሙ ጉድለት የለበትም። ደንበኛው የድርጅቱን ስም ያለ ምልክቱ እንዲጠቀም ይመከራል።»

አራተኛው ቅሬታዬ ይህ ነው፤ እርጋታዬንም የማጣው እዚህ ላይ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት «አኞ» ዓመት ነው። ባርኔጣዋን ካነሱባት ግን «አኖ» ትሆናለች፤ አኖ ደግሞ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከወንበሩ ጋር የሚያገናኘው የሰውነት ክፍል መካከለኛ ቦታ ነው። አያቶቻችን ያቋቋሙትን «መቶ ዓመት» ትተን፣ መቶ እንዲያ ዓይነት ነገር ነን ብለን በሕዝብ ፊት እንድንቀርብ ነው በማኅተም የመከራችሁን። ዳርዊን «ቁጥራችን አይደርስም እኮ!» አለ።

አምስተኛ ልል ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ቅሬታ ሳይሆን እውነተኛ ምስጋና አለኝ። ካርኒቫሉ ሊከፈት ሲል ስደውል ያነሣችው ዬርሊስ የተባለች ሠራተኛዎ ነበረች። (ስሟ ዬርሊስ አይደለም፤ ፈልገው እንዳይደክሙ።) የካሪቢያን ባሕር ጠረፍ ልጅ መሆን አለባት፤ የማታውቀውን ሁሉ «ንጉሤ» ነው የምትለው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ድምጿን ቀነሰች።

«ንጉሤ፣ መልስ የሚለውን ተወው። እሱን ከነካኸው ስሙንም አብሮ ሊጽፍ ሲል ይወድቃል። ከታች «ይዘቱን ክፈት» የሚል አለ፤ ሣጥኑን ክፈተውና ዕቃህን በእጅህ አንድ በአንድ አውጣ። ከእኔ አልሰማህም እሺ?»

«እስከ ዛሬ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት።

«መመሪያው ላይ የለማ፣ የኔ ንጉሥ!»

ኔሊ ከፈተችው። ሁሉም እዚያው ነበር። ፋይሉን አውጥተን፣ ዶኛ ኤሊዳን ወንበር ሰጥተን፣ አጫወትነው። መጀመሪያ የተሰማው የዋሺንግተን ሳል ነበር። ቀጥሎ «ኤሊዳ፣ ያንን ሬዲዮ ቀንሺው፣ እየቀዳሁ ነው!» የሚል ጩኸት፤ ከሩቅ ደግሞ የሳቸው የራሳቸው ድምፅ፦ «አንተ ቀንስ!» ከዚያ እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ መዝፈን ጀመረ። መጨረሻው ከፍም ዝቅም አላለም፤ ትንፋሽ አጥሮት መሐል ላይ ተወው። ዶኛ ኤሊዳ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው «ዘፈኑ ጥሩ ነው። ጠባችንን ግን እንደገና ክፈቱልኝ» አሉ። ከፈትንላቸው። ብዙ ጊዜ ከፈትንላቸው።

ክቡር ዶክተር፣ በካርኒቫሉ የሰፈራችን መድረክ ላይ የዋሺንግተንን ስንብት እሱ በተወበት ቦታ ተውነው፤ ሰዉ ቆሞ ቀሪውን በጭብጨባ ጨረሰው። ከዚያ በፊት ግን ስለ እናንተ የሠራነውን ዘፈን አቅርበን ነበር። የደብዳቤያችሁን ቃል አንዲት ፊደል ሳንቀይር በዜማ አወጣነው፤ ከዚህ በላይ የሚያስቅ ግጥም መጻፍ አልቻልንምና። ልጅ ያቀፉ እናቶች ሳይቀሩ «ያለ ምልክቱ! ያለ ምልክቱ!» እያሉ ሲቀበሉን፣ ለደንበኞች ደስታ ያበረከቱት ድርሻ ዓይኔ ላይ ታየኝ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይረጥብ ኮምፒውተርና ትክክለኛ ስም ያላቸው ደንበኞች እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን በታላቅ አክብሮት ለእርስዎ አነሣለሁ፤ የፊደሌን ግን አላነሣም።

ኦስማር ኑኜስ
ጫማ ሻጭና የ«ሲየን አኞስ» ሙርጋ መሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጠበቃችሁ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ስለ ኩባንያው የሠራነው ዘፈን ዳግመኛ በየትም ቦታ እንዳይሰማ ዋስትና እንድንሰጥ ይጠይቃል። በደስታ! ብቸኛውን ቅጂ በእናንተው ፕሮግራም አስቀምጠነዋል።