አክተሩን ከሞት ላዳኑ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ደኅና? ዐይንዎስ ደኅና? ዐይንዎን ለይቼ የጠየቅሁት በክፋት አይደለም፤ ሲኒማ ቤቱን በመሩባቸው ሦስት ዓመታት አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ሲያዩ ያየዎት ሰው ፈልጌ ስላጣሁ፣ ሕመም እንዳይሆን ብዬ ሰግቼ ነው። እኔ የሦስተኛው ረድፍ የግራ ዳር ወንበር ደንበኛ ነኝ፤ ሽቦው የወጣው ወንበር። ሱሪዬ ያውቀዋል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ያጫወቱልን ሰው፣ እኛ ተመልካቾች ጋሽ ጨረር ብለን የሰየምናቸው፣ በእርስዎ ትእዛዝ ከሥራ ስለታገዱና የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ በመጪው ሐሙስ ጨርሶ ሊያሰናብታቸው ስለተዘጋጀ ነው። ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም፤ አሳዳጊዬ አልበደለኝም።

ከሁለት ወር በፊት በመግቢያው በር ላይ ቁጥር የተሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ማስታወቂያ አወጡ፦ «የተመልካችን ስሜት ለመጠበቅ ሲባል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሲኒማ ቤት አክተር አይሞትም።» ቃሉ የእኛው ነው። በልጅነታችን የፊልሙን ጀግና ሁሉ «አክተሩ» እያልን፣ ጥይት ሲዘንብበት «አትፍራ፣ አክተር አይሞትም!» እየተባባልን አድገናል። እኛ ግን ያልነው ለመጽናናት ነው፤ እርስዎ መመሪያ አደረጉትና መቀስ አስያዙት። የልጆችን ጨዋታ በማኅተም ያጸደቁ የመጀመሪያው ኃላፊ በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት። ቅሬታዎቼም እነሆ።

አንደኛ፤ የማዕድን ጉድጓዱ ፊልም። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ያላለቀ መስሎዎት ከሆነ አልፈርድብዎትም። ቆፋሪውን አለቃው ያባርረዋል፤ በማግስቱ ጉድጓዱ ተደርምሶ አለቃው ውስጥ ሲቀር፣ ያ የተባረረው ሰው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ይወርዳል። አለቃውን ያወጣል፣ ራሱ ይቀራል። ከዚያ የፊልሙ የመጨረሻ አራት ደቂቃ ይመጣል። ሚስቱ ለሁለት ካሰናዳችው ጠረጴዛ አንዱን ሳህን አንስታ፣ ንጹሑን ሳህን፣ አጥባ ታስቀምጠዋለች፤ አለቃው ባርኔጣውን ጨብጦ በሩ ላይ ቆሞ ማንኳኳት ያቅተዋል። ሰው ካሜራ ከጨበጠ ወዲህ ከተቀረጸው ሁሉ እነዚያን አራት ደቂቃዎች የሚያህል አላየሁም። በእርስዎ ቅጂ ግን ሰውዬው «መጣሁ» ብሎ ይወርዳል፣ መብራት ይበራል፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን።

መዘዙን ፀጉር ቤት ገብተው ቢያዩት! ባለፈው አንዱ ወጣት «ወጥቷል፣ መጣሁ ብሏል እኮ!» ብሎ ድርቅ ሲል፣ የድሮውን ቅጂ ያዩት አጎቱ «የት አባቱ ይወጣል! እኔ በዐይኔ አይቼ አልቅሼበታለሁ!» ብለው ከወንበሩ ተነሡ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ መሐል ገባ። አጎትየው እስከ ዛሬ ባለ ግማሽ ጢም ናቸው፤ ተቀይመው አልተመለሱም።

ሁለተኛ፤ እባክዎ የድሮ ፊልም አምላኪ ነው ብለው አያባርሩኝ። መኪና ከጣራ ጣራ ሲዘል እኔም አጨበጭባለሁ። መጥፎው ሰውዬ ሽጉጡን ደግኖ መተኮሱን ትቶ የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ «ኧረ ተኩስና ገላግለን!» ብዬ የምጮኸውም እኔ ነኝ። ችግሩ መመሪያዎ የአክተሩን ጓደኛ መርሳቱ ነው። ያ ምስኪን ከጦርነቱ በኋላ ሱቅ ሊከፍት እንደሆነ በነገረን በአምስተኛው ደቂቃ አሁንም እየሞተ ነው። ደረጃው ዝቅ ስላለ ነው? ወይስ ለእሱ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣለታል?

ሦስተኛ፤ ያ የወታደሩ ፊልም የሚጀምረው በአክተሩ ቀብር ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ተቆረጠ። የሚያልቀውም በመሞቱ ነውና መጨረሻውም ተቆረጠ። መሐሉ ላይ እናቱ «ልጄ ሞተ» እያለች ስለምታለቅስ እሱም ሄደ። የቀረልን አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ጫማውን ሲቦርሽ የሚታይበት የዘጠኝ ደቂቃ ሥራ ነው። ጫማው በእውነት ያበራል።

አራተኛውና ዋናው። ጋሽ ጨረር በትእዛዝዎ የቆረጡትን ቁራጭ ሁሉ አልጣሉም፤ በየስሙ ጠቅልለው በብስኩት ቆርቆሮ አኖሩት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ግን የማዕድኑን ፊልም አራት ደቂቃ በሙጫ ወረቀት ወደ ቦታው መልሰው ቀጠሉትና አሳዩን። ከአዳራሹ ማንም አልተነሣም፤ መብራት ከበራ በኋላም። እርስዎ በማግስቱ «ፊልም ያለ ፈቃድ ቀጥለዋል» የሚል ክስ ጻፉባቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ሲቆራረጥ ሲቀጥሉ የኖሩ ሰው፣ ስለቀጠሉ ተቋረጡ! እንዲህ ያለ አማርኛ የሚጽፍ ቢሮ ስላለን ልንኮራ ይገባል።

በቦታቸው ያስገቡት የባለቤትዎ ወንድምም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ባለፈው እሑድ የአንድ የፍቅር ፊልም ጥቅሎችን ከኋላ ወደ ፊት አጫወቱልን፤ ልጅቷ ወለደች፣ ቀጥላ አገባች፣ በመጨረሻ ተዋወቁ። «አጥራው!» ብለን ብንጮህም ምስሉ አልጠራም፤ ማን ከማን እንደወለደ እስካሁን አላወቅንም።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ቀልዱን ልተወው። ጋሽ ጨረር ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከዚያ ጠባብ የማሳያ ክፍል ሌላ ሥራ የማያውቁ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው ሰው ሲሞት ሞተ ማለታቸው ነው። ሐሙስ ኮሚቴዎ ሲቀመጥ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመፈረምዎ በፊት ያንን አራት ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዩት። በሩ ላይ ባርኔጣ ይዞ የቆመውን አለቃ ደኅና አድርገው ይዩት፤ የሚያውቁት ሰው ሊመስልዎ ይችላል።

ሥልጣንዎ ይርዘም፣ መቀስዎ ይዶልዱም፣ ወንበርዎ እንደ እኔው ወንበር ያለ ሽቦ አይግጠመው እያልኩ፣ በጥልቅ አክብሮትና በተቀደደ ሱሪ እሰናበታለሁ።

የሦስተኛው ረድፍ ግራ ዳር

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለፀጉር ቤቱ (ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ካሰናበቷቸው ከቀጣዩ ቅዳሜ ጀምሮ ጋሽ ጨረር በልብስ ሰፊዎች ማኅበር አዳራሽ፣ በራሳቸው አሮጌ ማሳያ፣ ያልተቆረጠ ፊልም ያሳያሉ፤ ማኅበሩ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ ጨርሷል። ወንበር የሚያስይዘውን ሰው ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ። ቀድመው የመጡት እናትዎ ናቸው፤ የሚቀመጡበትን ትራስ ሳይቀር ይዘው። ስንት ወንበር ልያዝልዎ ብላቸው «ሁለት፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለምራቴ» አሉኝ። «ለልጅዎስ፣ እማማ?» አልኳቸው። «ተወው ልጄ፤ እሱ ማዘን አይችልበትም» አሉኝ።