ሽንኩርቱ ያረረበት ሰሞን

ለባለቤቴ የልብ ጓደኛ፣ ለጎረቤቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ? ሳልሽ ጋብ ማለቱን አውቄያለሁ። መስኮትሽ ዝግ ቢሆንም ሳል በመስኮት አይታገድምና ጠዋት ጠዋት ይሰማኝ ነበር፤ ሰሞኑን ሲጠፋ ተመስገን አልኩ። እኛ ሁላችንም በጤና ነን፤ ወገቤ ብቻ መሰላል ላይ ስወጣ ዕድሜዬን ያስታውሰኛል።

እጇን ብትዘረጋ የእኔን መስኮት ልትነካ ለምትችል ሴት ደብዳቤ መጻፌን አይተሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ መብትሽ ነው። ግን ምን ላድርግ? በርሽን ሳንኳኳ ልጅሽ በጣት ስፋት ከፍታ የለችም ትለኛለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ነጠላ ጫማሽ ወለሉ ላይ ሲሸሽ ይሰማኛል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁልጊዜ የረሳሽው ነገር ትዝ ይልሽና ትመለሻለሽ። ይህን ያህል የምትረሺ ሴት አልነበርሽም።

በጓደኛሽ ለቅሶ ሳምንት ለትልቋ ልጄ፣ አባትሽን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ ብለሻት ነበር። ያን ጊዜ ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። የወጥ ቤትሽን መስኮት ዘግተሽ መጋረጃ ከሰቀልሽበት ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። እኔም የምጽፍልሽ ያ መስኮት እንዲከፈት ስለምፈልግ ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

መጀመሪያ የልጆቹን ወሬ ላጫውትሽ። ትልቋ ሥራ ይዛለች፤ ደመወዟ ከትራንስፖርት ብዙም አያልፍም፣ ኩራቷ ግን የሥራ አስኪያጅ ነው። ወንዱ በየጊዜው ሱሪ ያጥረዋል። ትንሿ፣ አንቺ ዳኛዋ ብለሽ ስም ያወጣሽላት፣ ያው ዳኛ ናት፤ ድመት እንኳ ሳይፈረድባት አታልፍም። እናታቸው ከሄደች በኋላ ግን ገበታው ፈረሰብኝ። ወንዱ ሳህኑን ይዞ አልጋው ላይ ይወጣል። ትልቋ ቆማ ስልኳን እያየች ትጎርሳለች። ዳኛዋ ጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ ትላለች፤ መብላቷንም አለመብላቷንም አላውቅም፣ ክንዷ ግን ቀጥኗል። በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሆቴል እንግዳ ሆነን ከረምን።

ስለዚህ ሐሙስን ልመልስ ብዬ ተነሳሁ። የእኛን ሐሙስ መቼም አትረሺውም። የተፈጨ ሥጋ በሩዝ፣ ለኪስም ለሆድም የሚስማማ። ጓደኛሽ ያችን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለአምስት አፍ እንዴት እንደምታበቃቃት ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ካሮትና ድንች ፈቅፍቃ ከሥጋው ጋር ታዋህደዋለች፤ ካሮቱ የቱ፣ ሥጋው የቱ እንደሆነ ዳኛዋ ራሷ ለይታው አታውቅም። ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያ ሩዙን እዚያው ድስት ውስጥ፣ ፈላ ያለ ውሃ፣ ክዳን፣ አለቀ። ዕቃ አጣቢው እንኳ የማይነጫነጭበት ምግብ ነበር። እኔ ቤት ስቀባ ውዬ ቀለሙን እጄ ላይ ይዤ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሽታው ይቀበለኛል። ልጆቹ ከድስቱ ሥር የሚፋቀው የማን ነው በሚል ይጨቃጨቃሉ። ከወጥ ቤት ደግሞ የእናንተ ሳቅ። መስኮት ለመስኮት ቆማችሁ ወሬ ስትይዙ ቤት ቢቃጠል አትሰሙም ነበር። ሳሎን ቁጭ ብዬ ሽንኩርቱ አረረ ብዬ እጮኻለሁ፤ እሷ ለእኔ መጣሁ ትልና ለአንቺ ወሬዋን ትቀጥላለች።

እንግዲህ ይህንን ነው ልሠራ የተነሳሁት። ደግሞ መካሪ አላጣሁም። እህቴ ቅመሙ አንሶት ነው አለችኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ ስብ የሌለው ሥጋ ወስደህ ምን ጣዕም ትጠብቃለህ ብሎ ተቆጣኝ። ትልቋ ከስልኳ እያነበበች አዘዘችኝ። አብሮኝ የሚቀባው ሰውዬ፣ ቤቱ ውስጥ ውሃ አፍልቶ የማያውቅ፣ ሩዙን ቀድመህ ዘፍዝፈው አለኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ዳኛዋ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ጥሩ ነው አባዬ አለችኝ። አንጀቴን ያሳረረኝ ይህ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። እናቷን እኮ ጨው በዛ፣ ሩዙ ተለጣጠፈ እያለች ነበር ቁጭ ብድግ የምታደርጋት። እኔን ግን እንደ ባዕድ አከበረችኝ።

በእኛ ሥራ አዲስ ግድግዳ መቀባት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው አሮጌ ግድግዳ ላይ የተላጠች ቦታ መመለስ ነው። የቀለሙን ቁጥር በትክክል ብታገኚውም አይገጥምልሽም፤ ግድግዳው የስንት ዓመት ጭስና ፀሐይ ጠጥቷላ። የሐሙሱም ድስት እንደዚያ ሆነብኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አይገጥምም።

ባለፈው ሐሙስ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ጨምሬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ማዶ ያንቺ መጋረጃ አለ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፣ ብቻ ማውራት ጀመርኩ። ከአንቺ ጋር አልነበረም፤ ከማን ጋር እንደሆነ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። የወንዱ ጫማ ደግሞ እንደጠበበው ነገርኳት። ቤታቸውን የምቀባላቸው ሴትዮ ነጭ አድርግልኝ ብለው ስጨርስ ለምን ነጭ ሆነ ብለው እንደተቆጡኝ ነገርኳት። ትልቋ ስልክ ይዛ ስትስቅ በር እንደምትዘጋ፣ ነገሩ ጎረምሳ ሳይሆን እንደማይቀርም ነገርኳት። እኔ ቤት ውስጥ አፌን የማልከፍት ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ለካ ማውራት ይጥማል።

ጭሱ ነው የመለሰኝ። ሽንኩርቱ ዳር ዳሩን ጠቁሯል። ልደፋው ነበር፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሽንኩርት ስለሌለ ግን እንደ ምንም ብዬ ሥጋውን ጨመርኩበትና ቀጠልኩ። ሩዙ ሊደርስ ሲል ዳኛዋ ገባች። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመችና ማን ነው የሠራው ብላ ጠየቀችኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለ ብላት አላመነችኝም፤ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ከዚያ ወንድሟንና እህቷን በየስማቸው ተጣራች።

ሁሉም መጡ። ከድስቱ ላይ ቆመው ጀመሩ፣ ከዚያ ሳያስቡት ወንበር ሳቡ። ወንዱ ሥሩን ሲፍቅ ትልቋ ማንኪያውን ቀማችው። ዳኛዋ አፏን ሞልታ፣ ሽንኩርቱ አርሯል፣ ጨውም በዝቷል አለች። እህቴ፣ ደስታ እንዲህ ሆድ እንደሚያስብስ አላውቅም ነበር። ውሃ ላምጣ ብዬ ተነስቼ ፊቴን አዞርኩባቸው። ያን ሁሉ ዓመት ለካ የእናንተን ወሬ ነበር የምንበላው።

ዕቃውን ሳጥብ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ሕመሟን ሳትነግረን በፊት የነበረውን ሰሞን አስታወስኩ። ያኔ ሽንኩርቱ ዳር ዳሩን ብቻ አልነበረም የሚያርረው፤ ከሰል እየሆነ በላይ በላይ ይደፋ ነበር፣ አንድ ድስትም ተጥሏል። እኛ ሳቅንባት፣ ወንዱ የእሳት አደጋ እንጥራ እያለ አበሸቃት። ከወጥ ቤት ሳቅ አይሰማም ነበር። ሬዲዮኑን ቀነስ ሳደርግ እናንተም ድምፃችሁን ትቀንሳላችሁ። አንድ ቀን ምን እየዶለታችሁብኝ ነው ብዬ ስገባ፣ አንቺ ከመስኮቱ ዞር አልሽ፤ እሷ ድስቱ ላይ አቀርቅራ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ሽንኩርቱ ነው አለችኝ። አመንኳት። በዕድሜዬ ሽንኩርት ከትፌ አላውቅማ።

አሁን ከትፌ አውቄያለሁ። ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ቢላዋ ሲነካው ነው። እሳት ላይ ወጥቶ ካረረ በኋላ ማንንም አያስለቅስም።

ጓደኛሽ ትልቋ ልጃችን ፈተናዋን እስክትጨርስ ጠብቃ ነው ሕመሟን ለእኛ የነገረችን። እስከዚያ ድረስ አንቺ ብቻሽን ይዘሽው ኖረሻል። እኔን ደረጃ ላይ ሰላም ስትዪኝ፣ ልጆቹን ስትስሚ፣ ሁሉን እያወቅሽ። ከእኔ የምትሸሺውም ለዚህ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ እንዳልይዝሽ ፈርተሽ ነው።

አልይዝሽም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀናሁ። እኔ ባሏ ሳሎን ቁጭ ብዬ ለጎረቤት ትነግራለች ብዬ የያዝኩትን ሳህን እስኪሰበር ፈተግኩት። ከዚያ ግን ራሴን አየሁት። ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ ብሩሼን ጥዬ ከፊቷ ቁጭ እል ነበር፣ ውሃ ስትጠጣ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ስትስቅ ሳይቀር እያየሁ። ልጆቹም ዓይኔን አይተው ያውቁ ነበር። እሷ ጥቂት ሳምንት ሽንኩርት አሳረርሽ ተብላ እንድትበሸቅ፣ የደህና ቤት እናት እንድትሆን ፈለገች። ያንን የሰጠሻት አንቺ ነሽ። እኔ ልሰጣት አልችልም ነበር። ስለዚህ ቀና ብለሽ እዪኝ፣ ያለብሽ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ድስቱ የተጣለ ዕለት፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል፣ እንደ ድሮዋ ከት ብላ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ምን ብለሻት ነው? ወይስ እሷ ናት ያለችሽ? ስለ እኔም ከሆነ ግድ የለም፣ ንገሪኝ። ልጆቹ ሲበሉ ላወራላቸው እፈልጋለሁ፤ ሌላ የማወራው ጨርሻለሁ።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፣ ልጅሽንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የእኔም ልጆች ይናፍቁሻል፤ ዳኛዋ ጥፋቷ ምን እንደሆነ አልተነገራትም ብላ ስለ አንቺ ፍርድ አቆይታለች። ደብዳቤውን ራሴ በበርሽ ሥር አሾልከዋለሁ፤ ልጅሽን የለችም በይ እያልሽ አታስዋሻት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሽንኩርት እጥዳለሁ። እሳቱን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ አንቺ እስክትነግሪኝ ጊዜ እንዲኖረን።

የጓደኛሽ ባል